አርባ አንድ ቀይ

ወይዘሮ ሪንከ ሆልማን ማክሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት የመጡት ለመክሰስ ወይም ለመጨቃጨቅ አልነበረም። የልጃቸውን የመቃብር ኪራይ ለማደስ ነበር የመጡት። በከተማችን መቃብር በኪራይ ነው የሚያዘው፤ ዘመኑ አልቆ ካልታደሰ አጽሙ ተነስቶ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የኪራዩ ዘመን በዚህ ዓመት እንደሚያልቅ ያውቃሉ፤ ያልገባቸው ደብዳቤው እስካሁን ለምን እንደዘገየ ብቻ ነው። ዳሌያቸውን በቀዶ ሕክምና ከታከሙ ወዲህ ዓመት ሙሉ ከቤታቸው ደረጃ ብዙም አልወረዱም። በማግስቱ ግን የልጁ ልደት ስለሆነ በሁለት ከዘራ እየተደገፉ ታክሲ ይዘው መጡ። በአንድ እጃቸው ክንድ ላይ የተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ትንሽ የአበባ ማሰሮ ነበረች።

መስኮቱ ላይ የምትሠራው ሄርሚን ስማቸውን አስገብታ ማያ ገጹን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተጣራች።

«ዊትስከ፣ አንዴ ነይ እስቲ። ይሄ ነገር ያንቺ ሳይሆን አይቀርም።»

ዊትስከ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው የዳታ ሠራተኛ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራ እንደጨረሰች እዚህ ተቀጠረች። ሥራውን የወደደችው ከሰው ጋር ስለማያገናኝ ነው። ሄርሚን ስትጠራት ሁልጊዜ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ስባ ነው የምትመጣው፤ ዛሬም እንደዚያው አደረገች።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሆልማን። አድራሻዎን ይነግሩኛል?»

«ሸማኔ መንገድ፣ አርባ አንድ ቀይ።»

ማያ ገጹ ላይ «ሸማኔ መንገድ» ይላል። ከጎኑ ያለው የቤት ቁጥር ሳጥን ባዶ ነው።

«ቁጥሩ አልተሞላም» አለች ዊትስከ።

«እንዴት አይሞላም? ካገባሁ ጀምሮ እዛው ነኝ እኮ፣ ልጄ። ባለቤቴ ሲሞት እህቴ መጣችና ‹ሪንከ፣ ምድር ላይ ያለ ቤት ፈልጊ፣ ይሄ ደረጃ አንድ ቀን ይገድልሻል› አለችኝ። እምቢ አልኳት። የልጄ የዮስት የመቃብር ደብዳቤ የሚመጣው እዚህ ነው አልኳት። ባለፈውም ጊዜ እዚሁ ነው የመጣው።»

«ችግር የለም፣ አሁን እሞላዋለሁ» አለች ዊትስከ፤ 41 ብላ ጽፋ ክፍተት ሰጥታ «ቀይ» ብላ ጨመረች። ሳጥኑ ስር አንዲት መስመር ብቅ አለች፦ ቁጥር ብቻ ያስገቡ።

እንደገና ሞከረች። ያው ነው።

በከተማችን አሮጌ ሰፈር ሁለት ቤት በአንድ ቁጥር መጠራቱ ማንንም ግር አይለውም። ታች ያለው ቤት ጥቁር ሰሌዳ አለው፣ ላይ ያለው ቀይ። አርባ አንድ ጥቁርና አርባ አንድ ቀይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት በሮች ናቸው፤ አንደኛው ወደ ሳሎን ይገባል፣ ሌላው ወደ ደረጃ። ፖስተኛው ያውቃል፣ ፒዛ የሚያደርሰውም ያውቃል። የድሮው የመቃብር ስፍራ ኃላፊም ያውቁ ነበር። ጡረታ እስከወጡ ድረስ በኤክሴል በያዙት ሰንጠረዥ ውስጥ ታች ላለው ቁጥሩን ብቻ፣ ላይ ላለው ከቁጥሩ ጎን «ቀይ» ብለው ይጽፉ ነበር።

ዊትስከ ከመቀጠሯ በፊት ያ ሰንጠረዥ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ እንዲገባ ተደርጓል። የማስገባቱን ሥራ የሠራው ፕሮግራም እያንዳንዱ ዓምድ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ የሚወስነው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረድፎች አይቶ ነው። ሰንጠረዡ በመንገድ ስም በፊደል ተራ የተደረደረ ስለነበር መጀመሪያ የመጡት ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ያሉት አዲስ መንገዶች ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባል ነገር የለም። ሦስት፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ ሁለት። ፕሮግራሙ ይሄ የቁጥር ዓምድ ነው ብሎ ወሰነ። ወደ ታች ወርዶ «41 ቀይ» የሚል ሲያጋጥመው ቁጥር አልሆነለትም፤ ባዶ አድርጎ አለፈው። አልጮኸም፣ አላስጠነቀቀም። መጨረሻ ላይ ያወጣው ሪፖርት ሁሉም ረድፎች ገብተዋል፣ ስህተት የለም ይል ነበር። ዊትስከ ሥራ በጀመረች ሰሞን ያንን ሪፖርት አንብባዋለች።

ቆማ ሳለች በሄርሚን ኮምፒዩተር ላይ የቤት ቁጥር የሌላቸውን ሁሉ እንዲያወጣላት ጠየቀችው። ከሁለት መቶ በላይ ስም መጣ። ሸማኔ መንገድ፣ ገመድ ሠሪ መንገድ፣ ቆዳ ፋቂ መንገድ። ከአዲሱ ሰፈር አንድም የለም። በሁሉም አንጻር «ደብዳቤ ተልኳል» ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል።

«ሄርሚን፣ የተመለሱ ደብዳቤዎች የት ነው የሚቀመጡት?»

ሄርሚን በእግሯ ከጠረጴዛው ስር የካርቶን ሳጥን ገፋ አደረገችላት። «ይሄውልሽ። አለቃችን ሉበርት ጊዜ ሲገኝ እናየዋለን ብሎ ነበር። እስካሁን ግን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እግሬን አሳርፍበታለሁ።»

ዊትስከ ከላይ ያሉትን ፖስታዎች ገለጥ ገለጥ አደረገች። ሁሉም ላይ የፖስታ ቤቱ ማኅተም አለ፤ አድራሻው ያልተሟላ።

«ታዲያ አሁን ማደስ እችላለሁ አይደል?» አሉ ወይዘሮ ሆልማን። «አልዘገየሁም?»

ዊትስከ ማያ ገጹን ወደ ታች አወረደች። የመቃብሩን ቁጥር አየች፦ ክፍል ሐ፣ ስልሳ ሦስት። ከጎኑ ደግሞ የሥራ ትእዛዝ ተያይዟል። ያልታደሱት የክፍል ሐ መቃብሮች በዚህ ሳምንት ይነሳሉ ይላል።

ስልኩን አንስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ቸርክ፣ ዊትስከ ነኝ፣ ከዳታ ክፍል።»

ቸርክ የመቃብር ስፍራው ቆፋሪዎች አለቃ ነው። «እህ፣ የኮምፒዩተሮቹ ሰዎች!» አለ። «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ሬሳ ጎደለባችሁ?»

«ክፍል ሐ ላይ ናችሁ?»

«ከትናንት ጀምሮ። ዝናቡ ከተወን እስከ ዓርብ እንጨርሳለን።»

«ስልሳ ሦስትስ?»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ገና ነው። እሱ ጋ ለመድረስ አምስት ስድስት ይቀሩናል።»

«ማቆም ትችላለህ? እናትየው እዚህ ናቸው።»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምቆፍረው፣ እህቴ። ትእዛዙን የፈረመው ሉበርት ነው፤ እሱ ይደውልልኝና በዚያችው ደቂቃ አቆማለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ የዕረፍት ሰዓታችንን አሁን እናደርገዋለን። ልጆቹን ቁጭ በሉ እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን በራሴ አልችልም፤ ማሽኑ የተከራየ ነው። ቶሎ በይ።»

የመናፈሻና የመቃብር ክፍል ኃላፊው ሉበርት ስብሰባ ላይ ነበር። የስብሰባው ክፍል ግድግዳ መስታወት ነው፤ ከውጭ ሆና አየችው። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጡ ሁለት እንግዶች አጠገቡ ተቀምጠዋል፣ ሰሌዳው ላይ የዛፎች ሥዕል አለ። ዊትስከ እጇን አነሳች። ሉበርት አያት፣ ፈገግ አለና አንድ ጣቱን ቀሰረ፤ አንድ ደቂቃ ማለቱ ነው። እሷም አንገቷን ነቅንቃ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

ቆመች። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሉበርትን «አንተ» ይለዋል፣ ጽዳት ሠራተኞቹም ጭምር። እሷ እስካሁን አልሆነላትም። በመስታወቱ ውስጥ አንደኛው እንግዳ ሲናገር፣ ሉበርት ሲጽፍ፣ ሌላው ስለ አንዲት ዛፍ ሲጠይቅ አየች። ጣቱ የነበረበትን ቦታ አየች። የበሩ እጀታ ላይ እጇን አሳረፈችና መልሳ አነሳችው። በኮሪደሩ ጫፍ ወይዘሮ ሆልማን የአበባውን ማሰሮ ከቦርሳ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የጠወለገች አንዲት ቅጠል በጥንቃቄ ሲቀነጥሱ ታዩዋት። ያኔ ሳታንኳኳ ገባች።

«ይቅርታ፣ አቶ ሉበርት። ክፍል ሐ መቆም አለበት።»

«አቶ!» ብሎ ሳቀ አንደኛው እንግዳ። «እንዲህ አስፈራርተህ ነው የምታሠራቸው?»

«ዊትስከ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ እኮ።»

«ደብዳቤዎቹ አልደረሱም።»

«ተልከዋል። የመላኩን ሪፖርት ያወጣሽልኝ አንቺው ነሽ።»

«ተልከዋል። ግን የቤት ቁጥር የለባቸውም። ቀይ ቁጥር ያላቸው በሙሉ። ሰንጠረዡ ሲገባ ዓምዱ ቁጥር ብቻ ተብሎ ተወስዷል፣ ‹ቀይ› የሚል ያለበት ሁሉ ባዶ ሆኗል።» ፊቷ እንደቀላ ይሰማታል። «የቁጥሩ ሳጥን አሁንም አይቀበልም። ሞክሬዋለሁ።»

«ምልክቱስ? መቃብሩ ላይ ዓመት ሙሉ ምልክት ቆሟል። የሚመጣ ሰው ቢኖር ያየው ነበር።»

«ዳሌያቸውን ታመው ነበር።»

«ሁለት መቶ ሰው ዳሌውን አይታመምም፣ ዊትስከ።»

ዊትስከ በእጇ ወደ ኮሪደሩ ጠቆመች። «አንዷ ውጭ ተቀምጠዋል» አለች።

ሉበርት በመስታወቱ ወደ ኮሪደሩ ተመለከተ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አሮጊቷንና ማሰሮዋን ሲያይ ከእንግዶቹ ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ ስልኩን አነሳ። ጠራ። ጠራ። ማንም አላነሳም። እንደገና ደወለ። በሦስተኛው ላይ የመኪና ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ወደሷ አንሸራተተው።

«የመሥሪያ ቤቱን ውሰጂ። እኔ መደወሌን አላቆምም።»

በመንገድ ላይ ወይዘሮ ሆልማን አልተጨነቁም። ነገሩ እየተስተካከለ እንደሆነ ነው የገባቸው። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል፣ ብስክሌተኞች አንገታቸውን ሰብረው ያልፋሉ፣ ዊትስከ ደግሞ ድልድዩ ተነስቶ ጀልባ ሲያሳልፍ መሪውን ጨብጣ ትጠብቃለች።

«አታስቢ፣ ኮምፒዩተር ነው፣ ሰው አይደለም» አሏት። «እኔ ደግሞ መጥቻለሁ።»

«አዎ።»

«ዮስት አራት ዓመቱ ላይ ገበያ ውስጥ ጠፍቶብን ነበር። አንድ ፖሊስ አግኝቶት ‹ቤትህ የት ነው?› ሲለው፣ ‹አርባ አንድ ቀይ› አለው። የመንገዱን ስም አያውቅም፣ የአባቱን ስም ‹አባባ› ነው የሚለው። አርባ አንድ ቀይ ብቻ። ፖሊሱ አሮጌውን ሰፈር ሲያዞረው ቆይቶ፣ በመጨረሻ ልጁ ራሱ ‹ያው!› ብሎ በሩን አሳየው።» ሳቁ። «ከዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆየልን። ማጅራት ገትር ነው ያሉት። ሐሙስ ራሱን አመመው፣ እሑድ አልነበረም።»

ድልድዩ ወረደ።

ክፍል ሐ ከአሮጌዎቹ ዛፎች ወዲህ ነው። ከሩቅ ሲታይ የታረሰ የአትክልት ቦታ ይመስላል። ማሽኑ ቆሟል። ቸርክ ወደ መኪናው ሲመጣ የጆሮ መሸፈኛውን ከራሱ ላይ አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። የተናገረው ከአሮጊቷ ጋር ሳይሆን ከዊትስከ ጋር ነው።

«ሲደውል አልሰማሁትም። ይሄ ጆሮዬ ላይ ነበር። አሁን ስወርድ ነው ያየሁት።»

ዊትስከ የመኪናውን በር ዘጋች።

«ጠብቄሽ ነበር» አለ። «ዕረፍቱ አልቆ ልጆቹ ከተነሱ በኋላም ትንሽ ጠብቄ ነበር።»

መስታወቱና የተቀሰረው ጣት ታዩዋት። ለምን እንደዘገየች ቸርክ አልጠየቃትም።

ወይዘሮ ሆልማን በከዘራቸው ጭቃውን እየፈተኑ ጥቂት ሄደው ቆሙ። «ስልሳ ሦስት የቱ ጋ ነው?» አሉ። «እዚህ ጋ ትንሽ ቁጥቋጦ ነበረ። ጠፋብኝ።»

«እዚህ ነበር፣ ወይዘሮ» አለ ቸርክ።

«ነበር?»

አንደኛው ቆፋሪ አካፋውን ከመሬት አንስቶ ወደ ኋላው ደበቀው።

«የት ወሰዳችሁት?» አሉ።

«የጋራው የአጽም ማረፊያ ውስጥ። እዛ፣ ከዛፎቹ ስር።»

«እሺ። እሱን ማውጣት ነው እንግዲህ። ለብቻው። እኔ ላድስ ነው የመጣሁት።»

ቸርክ ወደ ዊትስከ አየ፤ እንድትናገርለት ነው የፈለገው። እሷ ዓይኗን ከጭቃው አላነሳችም። «ወይዘሮ፣ የዚህ ረድፍ በሙሉ አንድ ላይ ነው የገባው» አለ ቀስ ብሎ። «የትናንቱም ከሱ ጋር ነው። አይለይም። ደግሞ ልጅ ነበር። ይሄ አፈር እርጥብ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የልጅ ነገር ብዙ አይተርፍም።»

«ድንጋዩስ? ድንጋይ አይሟሟም።»

«ድንጋዮቹን ትናንት መኪና ወስዷቸዋል። ለመንገድ ሥራ ነው የሚፈጩት።»

ወይዘሮ ሆልማን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሱቅ ሄዶ የፈለገው ዕቃ አልቋል እንደተባለ ሰው። «ዛሬ ጠዋት ነው የመጣሁት እኮ» አሉ። «ነገ ልመጣ ነበር፣ ልደቱ ነገ ስለሆነ። ወረቀቱ ቢቆይብኝስ ብዬ ነው ዛሬ ያደረግኩት።»

የአበባውን ማሰሮ ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም። ወደ ዛፎቹ ጠቆሙ። ቸርክ ግን እዚያ ገና ሣር እስኪተከል ድረስ ምንም ማስቀመጥ እንደማይፈቀድ ነገራቸው፤ ነግሯቸው እንደጨረሰ ደግሞ በራሱ ተናዶ ፊቱን አዞረ። ማሰሮዋ ተመልሳ ቦርሳ ውስጥ ገባች።

ሊመለሱ ሲሉ የዊትስከ ስልክ ነዘረ። ሉበርት ነው፦ የቀሩትን እስከ ዓርብ አስቁሜያለሁ። ቁጥራቸው የጠፋባቸውን ሰዎች ከነሙሉ አድራሻቸው ዛሬ ላኪልኝ።

ጭቃው ውስጥ ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ሙሉ አድራሻ የለም። የድሮው ሰንጠረዥ ወደ ዳታቤዙ ከገባ በኋላ የግለሰብ መረጃ ያለበት ትርፍ ፋይል አይያዝም ተብሎ በደንቡ መሠረት ተደምስሷል። ከነዋሪዎች መዝገብ ለመፈለግ ፈቃዱ ብቻ ሳምንታት ይወስዳል፤ መዝገቡን የሚይዘው ሌላ ክፍል ነው። የቤት ቁጥሩ ሳጥን ጽሑፍ እንዲቀበል ማድረግ ደግሞ በመከር በሚመጣው ማሻሻያ ነው የሚሆነው፤ ያኔም ሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈውን ማን ያውቃል። «እሺ» ብላ መለሰችለት።

ሸማኔ መንገድ ላይ ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ናቸው። ጥቁሩ ሰሌዳ አዲስ ነው፤ ቀዩ ጠርዙ ዝጎ ቀለሙ ወደ ጡብ መልክ ሄዷል። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ወይዘሮ ሆልማን ለመደገፊያ በተዘረጋው ገመድ እየተሳቡ ሲወጡ ዊትስከ ከኋላ አንድ እጇን ጀርባቸው ላይ አድርጋ፣ በሌላው ማሰሮዋንና ሁለቱን ከዘራዎች ይዛ ተከተለቻቸው። በየመሃሉ ያርፋሉ።

ላይ ሲደርሱ እጇን ለመታጠብ ፈቃድ ጠየቀች።

«እዛ ጋ ነው፣ ልጄ። መብራቱ ከውጭ ነው።»

ሽንት ቤቱ ውስጥ እንደ ከተማችን ቤት ሁሉ የልደት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ዓመት የለውም፤ ስምና ቀን ብቻ ነው፣ ከዓመት ዓመት የሚያገለግል። የእህት ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ የጥርስ ሐኪም ሳይቀር አለበት። የሞቱት ስማቸው ላይ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። የነገው ቀን ላይ በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም «ዮስት» ይላል፤ መስመር አልተሰመረበትም። ዊትስከ ቧንቧውን ከፍታ ጭቃው ሙልጭ ብሎ ከለቀቃት በኋላም ውሃው እንዲፈስ ተወችው።

ከበሩ ውጭ ወይዘሮ ሆልማን ስልክ ሲያወሩ ይሰማል።

«እኔ ነኝ፣ ሪንከ… አይ፣ ደህና ነኝ። ስሚኝማ፣ ያ ምድር ላይ ያለው ቤት፣ ያንቺ ጎረቤት ያለው… ተያዘ እንዴ?… አይደለም፣ ደረጃው አይደለም። ደረጃውን ለምጄዋለሁ።»

እህትየው የሆነ ነገር እየጠየቀች ነው።

«አዎ፣ አሁን መልቀቅ እችላለሁ» አሉ ወይዘሮ ሆልማን። «ከእንግዲህ የምጠብቀው ደብዳቤ የለኝም።»

ዊትስከ ቧንቧውን ዘጋችው።